ሠላሳ አንድ እህቶች ከዝርዝር የጠፉበት ሌሊት



ባለፈው ረመዷን፣ ጾሙ በገባ በስምንተኛው ሌሊት፣ በእህቶች በኩል ባለው የካፌ በር ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰሁር ለመውሰድ ከዶርም የወጡ 31 እህቶች ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ስላልነበረ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቲከሯ የተሰጣትን ወረቀት እያገላበጠች ደጋግማ ፈለገች፤ የለም። ጓደኞቻቸው ያላቸውን አካፈሏቸው፤ ያልደረሳቸው ግን በቴምርና በውሃ ነይተው ቀኑን ጾሙት። ከመካከላቸው አንዷ በዚያው ዕለት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሚድ ፈተና ነበረባት።

ከዚያ በኋላ በግቢው ብዙ ተወራ። "ካፌው ምግብ አሳንሶ ነው" ያለ ነበር። "በጊዜ ያልተመዘገቡ ናቸው" ያለም ነበር። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ካፌው በተሰጠው ቁጥር ልክ አብስሏል፤ እህቶቻችንም ከተመዘገቡ ሁለት ሳምንት አልፏቸው ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። እኛ ማለት የጀመዓውን የጿሚዎች መመዝገቢያ ሲስተም የሠራን ሰባት ተማሪዎች ነን፤ አራት ወንድሞችና ሦስት እህቶች። ይቅርታ በጊዜው ለእያንዳንዳቸው ጠይቀናል። ይህን የምንጽፈው ግን ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ስናጣራ ያገኘነው ነገር ሶፍትዌር ለሚማር ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ጋር ተከፋፍሎ ለሚሠራ ሁሉ ይጠቅማል ብለን ስላሰብን ነው።

ሥራውን እንዴት ተከፋፈልነው?

ለማያውቁ ፍሬሾች አሠራሩን በአጭሩ እንንገር። ረመዷን ሲቃረብ ጀመዓው የሚጾሙ የካፌ ተማሪዎችን ስም ሰብስቦ ለካፌው ያስረክባል። ካፌውም የቁርስና የምሳ ድርሻቸውን ወደ ኢፍጧርና ሰሁር ያዞርላቸዋል። ይህ ሥራ ለዓመታት በወረቀት ሲሠራ ቆይቷል። በየብሎኩ አንድ ተወካይ ስም ይጽፋል፤ አንድ ሰው ሁሉንም ሰብስቦ ይገለብጣል፤ የታመመ ወይም መንገድ የሄደ ሲኖር እየሰረዙ እንደገና መጻፍ ነው። ባለፈው ዓመት "ይህን ነገር በሲስተም እንሥራው" ብለን ተነሣን።

ሥራውን ስንከፋፈል ብዙ አላሰብንበትም። የጀመዓችን አሠራር ቀድሞውኑ በሁለት የተከፈለ ነው፤ የወንድሞች ዘርፍና የእህቶች ዘርፍ። ስብሰባው ለየብቻ ነው፣ ቢሮው ለየብቻ ነው፣ በመካከል የሚተላለፍ ጉዳይ ሲኖር አሚሩና አሚራዋ ይነጋገራሉ። ስለዚህ ሥራውም በዚያው መንገድ ሄደ። የወንድሞችን መመዝገቢያ ወንድሞች ሠሩ፤ የእህቶችን መመዝገቢያ እህቶች ሠሩ። ሁለቱን ዝርዝሮች አገናኝቶ በየሌሊቱ አንድ ዝርዝር የሚያትም ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ አንድ ወንድም ጻፈ። "ለምን እንዲህ ተከፈለ?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁሌም እንዲሁ ነውና።

የመጀመሪያዎቹን ሰባት ሌሊቶች ሲስተሙ ስላልተጠናቀቀ በወረቀቱ ቆየን። ሁለቱም ወገን የየራሱን ሞክሯል፤ ሁለቱም ይሠራሉ። በስምንተኛው ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሲስተሙ የወጣውን ዝርዝር አትመን ለካፌው ሰጠን። የሆነውም ከላይ የነገርናችሁ ነው።

ጥፋቱን ፍለጋ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። እኛ ግን ከሥሩ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀብን። በማግስቱ ወንድሞች ኮዳቸውን ከፍተው አዩ፤ ስሕተት የለበትም። እህቶች ዳታቤዛቸውን ከፍተው አዩ፤ 31ዱም ስሞች አሉ። ወንድሞች "ችግሩ ከእህቶች በኩል ነው" ብለው ለአሚሩ ነገሩ፤ እህቶች "ከእኛ የወጣው ሙሉ ነው" ብለው ለአሚራዋ ነገሩ። መልእክቱ እስከ ዐስር ሲመላለስ ዋለ። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ክፍል የተናገረው እውነት ነበር።

በመጨረሻ አሚሩና አሚራዋ ባሉበት በቤተ መጻሕፍቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ላፕቶፕ ጎን ለጎን ተደረገና ሁሉም ያለውን አሳየ። ጥፋቱ በሩብ ሰዓት ተገኘ።

የመታወቂያ ቁጥራችን ሁለት ክፍል አለው። ተራ ቁጥር ይቀድማል፤ ከዚያ ስላሽ፤ ከዚያ የመግቢያ ዓመት። 0412/14 እና 0412/15 ሁለት የተለያዩ ተማሪዎች ናቸው ማለት ነው። በወንድሞች ፎርም ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ሳጥን ይሞላል። እህቶች ግን ተመዝጋቢዎች ስላሹን እየረሱ ሲያስቸግሯቸው ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ሳጥን ለተራ ቁጥር፣ ሌላው ለመግቢያ ዓመት። እውነቱን ለመናገር የእህቶቹ አሠራር ይሻላል። ሁለቱን ዝርዝሮች የሚያገናኘው ፕሮግራም ግን መታወቂያ የሚለውን ሳጥን ብቻ ነው የሚያነበው። ዓመት የሚባል ሌላ ሳጥን መኖሩን አያውቅም። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠርም፣ ተመሳሳይ ቁጥር ሲያገኝ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል። ስለዚህ ተራ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ የመግቢያ ዓመታቸው የሚለያይ እህቶች እንደ አንድ ሰው ተቆጠሩ። 31 ስም የወደቀው እንዲህ ነው።

ይበልጥ ያሳዘነን ሌላ ነገር አለ። ይህ ጥያቄ አስቀድሞ ተጠይቆ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ወንድም ከረመዷን በፊት ለአሚሩ "እህቶች አንዷን ተማሪ ከሌላዋ የሚለዩት በምንድን ነው?" ብሎ ጠይቋል። አሚሩ ለአሚራዋ ደወለ፤ አሚራዋ ፎርሙን የሠራችውን እህት ጠየቀች፤ መልሱ በዚያው መንገድ ተመልሶ መጣ፤ "በመታወቂያ ቁጥር"። በእያንዳንዱ አፍ ላይ እውነት ነበር። "ለሁለት ሳጥን ከፍለነዋል" የሚለው ግን መንገድ ላይ ቀረ። በመካከል ያሉት ሁለቱ ኮድ አይጽፉም፤ ይህች ትንሽ ነገር ቁም ነገር እንዳላት በምን ያውቃሉ?

ስም የወጣለት ችግር

ታሪኩን ለአንድ የሶፍትዌር ምህንድስና መምህራችን ስንነግረው ፈገግ አለና "ይህ እኮ ከእናንተ መወለድ በፊት ስም የወጣለት ነው" አለን። ሜልቪን ኮንዌይ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ስለዚህ ጉዳይ ጽፏል። ጽሑፉን መጀመሪያ የላከለት ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው አልቀበለውም፤ ሐሳቡን አላረጋገጥክም ብሎ መለሰለት። ከዚያ ዳታሜሽን የተባለው የኮምፒውተር መጽሔት በሚያዝያ ወር አወጣው። ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ላይ ሐሳቡን አንሥቶ "የኮንዌይ ሕግ" አለው፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ሲስተም የሚነድፍ ማንኛውም ቡድን የሚያወጣው ንድፍ የራሱን የመነጋገሪያ መስመሮች ይገለብጣል። ማን ከማን ጋር ይነጋገራል? ማን ከማን ጋር አይነጋገርም? የዚህ መልስ ተመልሶ ኮዱ ውስጥ ይገኛል።

ኮንዌይ ያመጣው ምሳሌ ግልጽ ነው። አንድ ድርጅት ሁለት ኮምፓይለር እንዲሠሩ ስምንት ሰዎች መደበ። ኮምፓይለር ሰው የሚጽፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም ነው። አምስቱ ሰዎች ለኮቦል ቋንቋ፣ ሦስቱ ለአልጎል ቋንቋ ተመደቡ። ሲያልቅ የኮቦሉ ኮምፓይለር ሥራውን በአምስት ደረጃ የሚጨርስ ሆነ፤ የአልጎሉ በሦስት። አምስትና ሦስት የሚለውን ቁጥር የወሰነው የቋንቋዎቹ ባሕርይ አልነበረም። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ብዛት ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ድርሻ ያዘ፤ ድርሻውም የሲስተሙ አንድ ክፍል ሆነ።

ይህን ስንሰማ የራሳችን ሲስተም ፊታችን መጣ። ጾም የሚይዝ ተማሪ መመዝገብ ወንድም ቢሆን እህት ብትሆን አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ስም፣ መታወቂያ፣ ብሎክ፣ የካፌ ተጠቃሚ መሆን አለመሆን፤ ልዩነት የለውም። ሥራው ራሱ ሁለት መመዝገቢያ አልጠየቀም። ሁለት መመዝገቢያ የሠራነው ሁለት ቢሮ ስላለን ነው። በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ያለው አንድ የስልክ መስመር ብቻ ስለነበረ በሁለቱ ዳታቤዞች መካከል ያለው መገናኛም እንደዚያው የሳሳ ሆነ። የተበጠሰውም እዚያ በሳሳበት ላይ ነው።

ብሩክስ በዚያው መጽሐፉ ያሳየው ቀላል ስሌት አለ። ሰባት ሰዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢነጋገሩ በመካከላቸው 21 መስመር ይኖራል። በእኛ ሁኔታ በአራቱ ወንድሞች መካከል 6፣ በሦስቱ እህቶች መካከል 3 መስመር ነበር። የቀሩት 12ቱ፣ ማለትም ከወንድም ወደ እህት የሚሄዱት በሙሉ፣ ተጠቅልለው በአሚሩና በአሚራዋ ስልክ ነው የሚያልፉት። ሁለት የኮድ ክፍሎች እንዲግባቡ ከተፈለገ የጻፏቸው ሰዎች መግባባት አለባቸው። የማይነጋገሩ ከሆነ እያንዳንዱ የሌላውን ይገምታል። ግምት ደግሞ በሙከራ ጊዜ አይታይም፤ እያንዳንዱ የሚሞክረው የራሱን ነውና። የሚታየው ሁለቱ ሲገናኙ፣ በእኛ በኩል ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።

ይህ የተማሪ ሥራ ስለሆነ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ። ማይክሮሶፍት ውስጥ በዊንዶውስ ቪስታ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የትኛው የፕሮግራሙ ክፍል ሊበላሽ እንደሚችል ለመተንበይ ሁለት ዓይነት መረጃ አወዳደሩ። አንዱ የኮዱ ባሕርይ ነው፤ ርዝመቱ፣ ውስብስብነቱ፣ የተለወጠበት ብዛት። ሌላው የሰዎቹ አደረጃጀት ነው፤ ስንት ሰው ነካው፣ የነኩት በአንድ ኃላፊ ሥር ናቸው ወይስ በተራራቁ ክፍሎች የተበተኑ? ብልሽትን ይበልጥ የተነበየው የሰዎቹ አደረጃጀት ሆኖ ተገኘ።

መስመሩን የት እናድርገው?

በዘጠነኛው ሌሊት ፕሮግራሙ ሁለቱንም ሳጥኖች እንዲያነብ አድርገን አስተካከልነው፤ አልሐምዱ ሊላህ፣ ሁሉም ስም ተገኘ። ይህ ግን ቁስሉን መሸፈን እንጂ ማዳን አልነበረም። ከዒድ በኋላ ተቀምጠን ሹራ አደረግን። ሦስት ሐሳብ ቀረበ።

የመጀመሪያው "ሰባታችንም አንድ ቡድን ሆነን ሁሉንም አብረን እንሥራ" የሚል ነበር። ወረቀት ላይ ያምራል። 21ዱም መስመር ይከፈታል። ነገር ግን ራሳችንን እናውቃለን። የጀመዓው ሥርዓት አለ፣ የዶርም መግቢያ ሰዓት አለ፣ የእያንዳንዳችን ክላስ አለ። ሰባት ሰው በየቀኑ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ኮድ ይጽፋል ብሎ ሲስተም መንደፍ ራስን መሸንገል ነው። በሐሳብ ደረጃ አብረን እየሠራን፣ በተግባር ግን እንደ ድሮው በስልክ እየተላላክን የምንቀጥል መሆናችን ግልጽ ነበር።

ሁለተኛው "ሙሉ በሙሉ እንለያይ" ነበር። ወንድሞች ከምዝገባ እስከ ማተም የራሳቸው፣ እህቶችም የራሳቸው ሲስተም ይኑራቸው። ይህም መልካም ጎን አለው፤ መነጋገር ስለማያስፈልግ መሳሳትም አይኖርም። ነገር ግን አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው፤ አንድ ስሕተት በአንዱ በኩል ቢታረም በሌላው በኩል ይቀራል። ካፌው ደግሞ የሚፈልገው አንድ ድምር ነው።

ሦስተኛውን ሐሳብ ያመጣችው ፎርሙን ለሁለት የከፈለችው እህት ናት። እንዲህ አለች፤ "በእኛና በእናንተ መካከል መስመር አለ፤ ይኖራልም። ጥያቄው መስመሩ ይኑር አይኑር አይደለም፤ በሥራው ላይ በየት በኩል ይለፍ ነው። እስካሁን ምዝገባን መካከሉ ላይ ሰንጥቆት ነው የሚያልፈው። ምዝገባ ብዙ ንግግር የሚፈልግ ሥራ ነው። ለምን ትንሽ ንግግር በሚበቃበት ቦታ አናሳልፈውም?"

እንደተባለው አደረግን። የምዝገባው ሥራ በሙሉ፣ የወንድሞችም የእህቶችም፣ ለሦስቱ እህቶች ተሰጠ። በየሌሊቱ ዝርዝር ማውጣት፣ መደመር፣ ማተምና ከካፌው ጋር መነጋገር በሙሉ ለአራቱ ወንድሞች ሆነ። በሁለቱ ሥራዎች መካከል የሚያልፈው ነገር ጥቂት ነው፤ "ዛሬ ሌሊት ማን ይበላል?" የሚል አንድ ጥያቄና መልሱ። መለያያውን አላጠፋነውም፤ ቦታውን ነው የቀየርነው።

ሲስተምን በየት በኩል መቁረጥ እንደሚገባ ዴቪድ ፓርናስ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 ጽፏል። የእሱ ምክር ሥራውን በሚከናወንበት ቅደም ተከተል ብቻ አትቁረጡት የሚል ነው። ይልቅ ወደፊት ሊለወጡ የሚችሉ ውሳኔዎችን ለዩ፤ እያንዳንዱን ውሳኔ በአንድ ክፍል ውስጥ ሸሽጉት፤ ሌላው ክፍል እንዳያየው አድርጉ። የመታወቂያው ቅርጽ እንዲህ ያለ ውሳኔ ነበር። በአሮጌው ሲስተም ሦስት ቦታ ታወቀ፣ ሦስት ቦታም በተለያየ መንገድ ተጻፈ። በአዲሱ የሚያውቀው ምዝገባ ብቻ ነው። ምዝገባ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ ዝርዝር አውጪው ያንን ቁጥር ይዞ ይሠራል እንጂ የዩኒቨርሲቲውን መታወቂያ አያይም።

ስንሸሽግ ያገኘነው ሌላ ነገር

በዚያ ሹራ ላይ እህቶች አንድ ሌላ ነገር አነሡ፤ እኛ ወንድሞቹ ፈጽሞ ያላሰብነውን። በአሮጌው ፎርም ላይ በአንድ ቀን የማይጾም ሰው "ምክንያት" የሚል ሳጥን እንዲሞላ ይጠየቅ ነበር። ወንድሞች ያስገቡት በሽታና መንገድ አስበው ነው። ያ ሳጥን ግን በተገናኘው ዝርዝር ላይ ለሁላችንም ይታያል። እህቶች ደግሞ በሸሪዓ የሚታወቅ፣ ለማንም ሊናገሩት የማይገደዱበት ምክንያት አላቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሳጥኑን አይሞሉም፤ ዝም ብለው ይቀራሉ። ሰሁራቸው ይበስላል፣ የሚወስደው የለም፤ በማግስቱ ደግሞ ስማቸው ከቁርስና ከምሳ ዝርዝር ወጥቶ ስለሚቆይ ምግብ አያገኙም። ይህ ረመዷንን ሙሉ ሲሆን ቆይቷል። ማንም ስሞታ አላቀረበም፤ ለማን ይቀርባል?

በአዲሱ አከፋፈል ይህ ሳጥን ጠፋ። ተማሪዋ ወይም ተማሪው የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ "ዛሬ ሰሁር ትወስዳላችሁ ወይስ አትወስዱም?" ለምን የሚለውን ዝርዝር አውጪው አይጠይቅም፣ አይቀበልም፣ አያስቀምጥም። የሶፍትዌር መጻሕፍት መረጃን መሸሸግ ይሉታል። እኛ ሐያእ ብለን የምናውቀውን ነገር ኮዱ ውስጥ ቦታ ሰጠነው። መስመሩ በትክክለኛው ቦታ ሲያልፍ ሥራውንም ሰውንም ይጠብቃል።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

መስመር ማበጀት ብቻውን አይበቃም፤ በመስመሩ ላይ የሚያልፈው ነገር መጻፍ አለበት። አሁን በሁለቱም ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ ስምምነት አለ። አምስት ነጥብ ነው ያለው።

አንደኛ፣ ምዝገባ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ የሰጠውን ቁጥር መልሶ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ሁለተኛ፣ በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ምዝገባ ለዝርዝር አውጪው የሚልከው አራት ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥር፣ ስም፣ የሚገባበት የካፌ በር፣ ሰሁር መውሰድ አለመውሰድ። ሦስተኛ፣ ምዝገባ ከዝርዝሩ ጋር ጠቅላላ ድምሩን ለብቻው ይልካል፤ ዝርዝር አውጪው የቆጠረው ከዚህ ድምር ጋር ካልገጠመ አይታተምም፤ ያስጠነቅቃል። አራተኛ፣ ከነዚህ አንዱን ለመለወጥ የፈለገ ወገን ከሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። አምስተኛ፣ ስለ ኮድ የሚጠየቅ ጥያቄ ኮዱን ከጻፈው ሰው ወደ ጻፈው ሰው በቀጥታ ይሄዳል፤ አሚሩና አሚራዋም ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይጻፋል።

ሦስተኛዋን ነጥብ ልብ በሉ። ባለፈው ረመዷን ይህች አንዲት ማነጻጸሪያ ብትኖረን ኖሮ 31ዱ ስሞች ከመታተማቸው በፊት ይገኙ ነበር። አምስተኛዋ ደግሞ ሥርዓታችንን ሳትነካ ያንን የአራት አፍ ጉዞ አሳጠረችልን።

ዘንድሮ ፈተናው ሳንጠብቀው መጣ። የአዲስ ገቢዎች መታወቂያ ከፊት ለፊቱ ፊደል ተጨምሮበት ወጣ። በአሮጌው ሲስተም ቢሆን ሁለት ፎርም፣ ሁለት ዳታቤዝና አንድ ማገናኛ ፕሮግራም መነካካት ነበረብን፤ ስልኩም ይደወል ነበር። አሁን ግን አንዲት እህት በአንድ ምሽት ምዝገባውን አስተካከለች። ወንድሞች የሰሙት ከሳምንት በኋላ በወሬ ነው፤ በእነርሱ በኩል የተለወጠ ነገር አልነበረምና። ሰኞና ሐሙስ ለሚጾሙ ተማሪዎች የጋራ ኢፍጧር ስናዘጋጅም በዚሁ ሲስተም ስንጠቀም ቆይተናል፤ እስካሁን ከዝርዝር የጠፋ ስም የለም።

ለጂሲዎችና ለሚመረቁ

የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን አንድ ነገር ከእኛ ውሰዱ። ግሩፕ ሲመሠረት የተለመደው አከፋፈል "አንተ ፍሮንት ኤንድ፣ አንቺ ባክ ኤንድ፣ እሱ ዳታቤዝ" የሚል ነው። እንዲህ ስትከፋፈሉ ፎርም ላይ አንዲት ሳጥን ለመጨመር ሦስት ሰው መጠበቅ ግድ ይላል። አንዱ ፈተና ካለው ሁሉም ይቆማል። በተቻለ መጠን በሚሰጠው አገልግሎት ተከፋፈሉ፤ አንዱ ምዝገባን ከላይ እስከ ታች፣ አንዷ ክፍያን ከላይ እስከ ታች፣ ሌላው ሪፖርትን። የሚያገናኛችሁን ነገር ደግሞ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት በአንድ ገጽ ላይ ጻፉት። አማዞን ቡድኖቹን በሁለት ፒዛ ሊጠግቡ በሚችሉ ሰዎች መጠን መወሰኑ በሰፊው ይነገርለታል፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ማነሱ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ቡድን አንድ አገልግሎት በሙሉ በእጁ ይዞ ከሌላው ጋር በተወሰነ በር ብቻ መነጋገሩ ነው።

ሥራው ገና ሳይገባችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። ኮንዌይ ራሱ የሚያስጠነቅቀው መጀመሪያ የሚመጣው ንድፍ ከሞላ ጎደል መቼም ምርጡ እንዳልሆነ ነው፤ ስለዚህ ንድፉ ሲለወጥ አደረጃጀቱም አብሮ መለወጥ እንዲችል መተው ይገባል። እኛ የዛሬውን አከፋፈል ያገኘነው ከአንድ ዓመት ስሕተት በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጡት ልጆች ሌላ ቦታ ሊቆርጡት ይችላሉ፤ ቢቆርጡትም ቅር አይለንም።

ሥራ ስትገቡም ኮዱን ከማንበባችሁ በፊት ሰዎቹን ተመልከቱ። ማን ከማን ጋር ምሳ ይበላል? የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር በደብዳቤ ብቻ ይነጋገራል? ሲስተሙ የሚሰበርበትን ቦታ አስቀድማችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ እዚያ ፈልጉት።

ለእኛ የቀረን ሥራ አለ። ካፌ የማይጠቀሙ ጿሚዎች ኢፍጧር ላይ የሚገኙበት አሠራር ገና በወረቀት ነው፤ ከሰባታችን ሦስቱ ደግሞ ዘንድሮ እንመረቃለን። ከፍሬሽና ከሁለተኛ ዓመት ኮድ መጻፍ የምትችሉ፣ ወይም መማር የምትፈልጉ፣ ወንድሞች በወንድሞች ቢሮ፣ እህቶች በእህቶች ቢሮ መጥታችሁ ተመዝገቡ። መጀመሪያ የምናሳያችሁ ኮዱን አይደለም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ነው።

በዚያች ሌሊት በቴምርና በውሃ ጾማችሁ የዋላችሁ እህቶቻችን፣ ጾማችሁን አላህ ይቀበላችሁ፤ እኛንም ዐፉ በሉን። ያች ሚድ ፈተና የነበረባት እህት ዛሬ ስምንተኛ አባላችን ናት። የቅሬታ መቀበያውን የምትሠራው እሷ ናት፤ ስም ከዝርዝር ቢጠፋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለማን እንደሚደወል በሩ ላይ የለጠፈችውም እሷ ናት።